ሰልፉ ሲያልፍ ለሄዱት ጸሐፊ፦ ስለ ጃፓን የሐምሌና የነሐሴ በዓላት የተሰጠ ምላሽ

አንድ የጉዞ ጸሐፊ በቅርቡ ስለ ጃፓን ባህላዊ በዓላት ያወጡትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ንባብ በመጀመሪያው የተሰማኝን ቅሬታ ያበርድልኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ጸሐፊው ኪዮቶ ላይ ጊዮን ማትሱሪ የሚባለውን በዓል የጧት ሰልፍ አይተዋል፤ ከዚያ ቶኪዮ ሄደው በሱሚዳ ወንዝ ዳር ርችት ተመልክተዋል። በእነዚህ ሁለት ቀናት ላይ ቆመው ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ የሚሉት እንዲህ ነው፦ በዓላቱ ነፍሳቸው ወጥቶ የቱሪስት ትርዒት ሆነዋል፤ የውጭ ሰው ከገመድ ማዶ ቆሞ ከመመልከት በቀር ድርሻ የለውም፤ ሥርዓታቸው የጣዖት ስለሆነ አማኝ ሊርቃቸው ይገባል፤ አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል፤ ሙቀቱን ሰው አይችለውም፤ ፍልሰታን ለሚጾም ደግሞ የሚቀመስ ነገር የለም። ስለዚህ ጃፓንን ማየት የፈለገ በአበባው ወቅት፣ በሚያዝያ ይሂድ ብለው ያበቃሉ።

እኔ በጊፉ ክፍለ ሀገር አራት ዓመት ተምሬአለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ጊዮንን ያየሁት ልክ እንደ እርሳቸው ነበር፤ ጧት ደረስኩ፣ ሰልፉ ሲያልፍ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ስለዚህ ጸሐፊው ያላዩትን ጻፉ አልልም። ያዩት እውነት ነው፤ ያላዩት ግን ይበልጣል። ስለ እነዚህ በዓላት በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት በመሆኑ አንባቢ ይህን ብቻ ይዞ እንዲቀር አልፈልግም።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል። ጸሐፊው በዓላቱን የበጋ በዓላት ይሏቸዋል። ለእኛ በጋ ደረቅና ብሩህ ወቅት ነው፤ እህል ይወቃል፣ መንገድ ይከፈታል፣ ሠርግ ይደገሳል። የጃፓን ሐምሌ እንደዚያ አይደለም። በሰኔ የሚጀምረው ዝናብ በኪዮቶ አካባቢ የሚያባራው ሐምሌ አጋማሽ ገደማ ነው፤ ወንዙ ይሞላል፣ አየሩ ይታፈናል፣ በድሮ ዘመን ደግሞ በሽታ የሚነሣው ያኔ ነበር። ለእኛ አእምሮ የሚቀርበው ክረምት ነው፣ ብርዱ ወጥቶ ሙቀት የገባበት ክረምት። ይህን የማነሣው ለቃል አጠቃቀም ብዬ አይደለም። በዓሉ ለምን በዚህ ወቅት እንደተተከለ ያልገባው ሰው ለምን እንደሚከበርም አይገባውም። ከዚህ በታች ዓመቶቹንና ወሮቹን ተጓዥ ትኬት በሚቆርጥበት በአውሮፓ አቆጣጠር እሰጣለሁ።

ትርዒት ናቸው ከሚለው ልጀምር። በ869 ኪዮቶን ወረርሽኝ መታት። በዘመኑ በነበሩት አውራጃዎች ቁጥር 66 ባለ ስለት ረጃጅም ዘንጎች ተተክለው የምሕረት ልመና ተደረገ። ጊዮን ማትሱሪ የዚያ ልመና ልጅ ነው። በ1467 የተነሣው የኦኒን ጦርነት ከተማዋን ሲያወድማት ተቋረጠ፤ በ1500 ነዋሪው መልሶ አቆመው። ዛሬም ጁላይን ሙሉ የሚዘልቅ ነው እንጂ የአንድ ጧት ጉዳይ አይደለም።

ጸሐፊው ያዩዋቸው ሠረገላዎች ጁላይ 17 ቀን የሚወጡት 23ቱ ናቸው። ሌሎቹ 11 የሚወጡት ጁላይ 24 ነው። ትልልቆቹ እስከ ዘንጋቸው ጫፍ 25 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ፣ 12 ቶን ያህል ይመዝናሉ፤ የእንጨት አካላቸው ግን ያለ ምስማር፣ በገመድ ብቻ ይታሰራል። ገመድ ትንሽ ስለሚላወስ በመንገድ መታጠፊያ ላይ ጭነቱን ይችለዋል፤ ምስማር ቢሆን ይሰነጥቀው ነበር። በዓሉ ሲያልቅ ሁሉም ተፈትቶ ይቀመጣል፣ በሚመጣው ዓመት እንደገና ይታሰራል። ባለቤቱ የጉዞ ድርጅት አይደለም። እያንዳንዱ ሠረገላ የአንድ ሰፈር ነው፤ ሰፈሩ ያዋጣል፣ ሰፈሩ ይጠብቃል፣ የሰፈሩ ልጆች ደወሉንና ዋሽንቱን ከታላላቆቻቸው ይማራሉ። ታካያማ የሚባለው ሠረገላ በ1826 በማዕበል ተጎድቶ ከሰልፉ ወጣ፤ የተመለሰው በ2022 ነው። አንድ ሰፈር የራሱን ቦታ 196 ዓመት ባዶ አድርጎ ጠብቆ፣ ገንዘብ አዋጥቶ፣ እንጨት አስጠርቦ ሠረገላውን መለሰ። ለቱሪስት ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰፈር አላውቅም።

ዋናው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው በዓሉ ያበቃ መስሏቸው የሄዱት ገና ሳይጀምር ነው። የጧቱ የሠረገላ ሰልፍ መንገዱን ማንጻት ነው፤ ከተማዋ ከክፉ ነገር ተጠርጋ እንድትቆይ። የሚጠበቀው የሚመጣው ማታ ነው። በዚያው ጁላይ 17 ምሽት ሦስት ሚኮሺዎች፣ ማለትም በሰው ትከሻ የሚጓዙ የተቀደሱ ማደሪያዎች፣ ከያሳካ መቅደስ ወጥተው በመቶዎች በሚቆጠሩ ተሸካሚዎች ጩኸት መሐል ከተማ ወዳለው ማረፊያቸው ይወርዳሉ። እዚያ እስከ ጁላይ 24 ይቆያሉ፤ በዚያ ቀን ማታም ወደ መንበራቸው ይመለሳሉ። እምነቱ አንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ የነገሩን ቅርጽ ለማስረዳት ግን ለኢትዮጵያዊ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም፦ በከተራ ቀን ወጣቶች መንገዱን ሲጠርጉና ቀይ ምንጣፍ ሲያነጥፉ አይቶ፣ ታቦቱ ሳይወጣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሄደ እንግዳ፣ በአገሩ ጋዜጣ ላይ ጥምቀት የምንጣፍ ትርዒት ነው ብሎ ቢጽፍ ምን እንላለን?

ስለ ውድ ወንበሮች ያሉት ግን እውነት ነው፣ እኔንም ያሳዝነኛል። በ2023 በኪዮቶ ለአንድ ልዩ መቀመጫ 400,000 የን ተጠይቋል። አዋ ኦዶሪ የሚባለው የጭፈራ በዓል በሚካሄድባት በቶኩሺማም በዚያው ዓመት 200,000 የን የሚያወጣ ወንበር ነበር። ግን ጸሐፊው ያላነሡት ቀጣዩን ነው፤ በ2024 የያሳካ መቅደስ ዋና ካህን ራሳቸው ማትሱሪ ትርዒት አይደለም ብለው በይፋ ተቃውመዋል። በቶኩሺማ ደግሞ በ2018 አዘጋጆቹ የመጨረሻውን የጋራ ጭፈራ ሲሰርዙት ከሺህ የሚበልጡ ጨፋሪዎች ክልከላውን አልፈው አደባባይ ወጥተው ጨፍረዋል። ነፍሱ የወጣ በዓል አይሟገትም። ከሁሉም በላይ፣ ያለ አንድ የን በእግር ቆሞ ማየት የሚቻልበት መንገድ ዛሬም ከወንበሩ ይረዝማል።

አማኝ ሊርቃቸው ይገባል የሚለውን በቀላሉ አላልፈውም፤ ብዙ አንባቢን የሚነካ ነውና። ማትሱሪ የሚለው ቃል ራሱ ማምለክን፣ መሥዋዕት ማቅረብን ከሚገልጽ ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ባህል ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ጃፓናውያኑንም ማቃለል ይሆናል። ነገር ግን ማንም እንግዳውን ስገድ አይለውም። በመቅደሱ ፊት ማጨብጨብ፣ ሳንቲም መወርወር፣ ሚኮሺ መሸከም የአማኙ ነው፤ እንግዳ ባርኔጣውን አውልቆ ጥግ ይዞ ቢቆም ሥርዓቱን አክብሯል፣ እምነቱንም ጠብቋል። በጥምቀት ጃን ሜዳ ለሚመጣ የሌላ እምነት ሰው ቦታ እንለቅ የለም ወይ?

ቀርቦ ያየ ሰው ደግሞ ያልጠበቀውን ያገኛል። በጊዮን ሰሞን በየሠረገላው ሥር ቺማኪ የሚባል ከቀርከሃ ዝርያ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይሸጣል፤ ምግብ አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ በደጃፍ ላይ ይንጠለጠላል። የሶሚን ሾራይ ዘር ነኝ የሚል ጽሑፍ አለበት። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ መንገደኛ የመሰለ አምላክ ማደሪያ ፍለጋ ወደ አንድ ሀብታም ቤት ሄደ፣ ሀብታሙ መለሰው። ድኻው ወንድሙ ሶሚን ሾራይ ግን ያለችውን አቅርቦ አሳደረው። እንግዳውም ወረርሽኝ ሲመጣ የአንተ ዘር ይተርፋል አለው። በአብርሃም ድንኳን ፊት የቆሙትን ሦስት እንግዶች ሲሰማ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ባዕድ አይሆንበትም። እኔ ይህን ስሰማ ኪዮቶ ባሉ ደጃፎች ሁሉ ላይ የተንጠለጠሉት ቅጠሎች ሌላ ነገር ሆነውብኛል፤ ከተማዋ በሙሉ እንግዳ የተቀበለ ሰው ልጅ ነኝ ትላለች።

ካንኮ በሚባለው ሠረገላ ፊት ስለሚሰቀለው ሥዕላዊ ጨርቅም ልጨምር። ዋናው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቤልጅየም የተሸመነ ነው፤ ሥዕሉ ርብቃ ውኃ ስታጠጣ ያሳያል፣ ከኦሪት ዘፍጥረት። ክርስትና በጃፓን በሕግ በተከለከለባቸው ዘመናት ይህ ጨርቅ በኪዮቶ አደባባይ ይወጣ ነበር። ጸሐፊው የጣዖት ሰልፍ ብለው ሲሄዱ ርብቃ እንስራዋን ይዛ በፊታቸው አልፋለች።

ኦቦንን በተመለከተ ጸሐፊው ጭፈራ ብቻ ቀርቶታል ይላሉ። ኦቦን የሙታን ሰሞን ነው፤ በአብዛኛው አገር ከኦገስት 13 እስከ 16። የሞቱት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ተብሎ ስለሚታመን የሚቀበላቸው እሳት ይነዳል፤ ከኪያርና ከደበርጃን በእንጨት እግር የተሠሩ ትናንሽ ፈረስና ላም ይቀመጡላቸዋል። ፈረሱ ፈጥኖ እንዲያመጣቸው፣ ላሚቱ ቀስ ብላ እንድትመልሳቸው ነው። የሚጨፈረውም ለእነርሱ ነው። በኦገስት 16፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ የኪዮቶ ተራሮች ላይ በታላላቅ ፊደላትና ቅርጾች አምስት እሳቶች ተራ በተራ ይለኮሳሉ፤ መሸኛቸው ነው። በእኛ ነሐሴ 10 መሆኑ ነው፤ ከቡሄ ችቦ ሁለት ቀን ቀድሞ። ያን ምሽት በካሞ ወንዝ ዳር ከቆምነው ብዙዎቹ ፎቶ ማንሣታቸውን ትተው እጃቸውን ለጸሎት አጋጥመው ነበር። ቀርቶታል የተባለው ትርጉም እዚያ ነበር።

ርችትም ቢሆን ርችት ብቻ አይደለም። ናጋኦካ የምትባለው ከተማ ኦገስት 1 ቀን 1945፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች፤ 1,488 ሰው ሞተ። ትልቁ የርችት በዓሏ ኦገስት 2 እና 3 ነው፤ ግን በዋዜማው፣ በኦገስት 1፣ ድብደባው በጀመረበት ሰዓት ነጭ ርችት ብቻ ወደ ሰማይ ይተኮሳል፣ የከተማዋም ደወሎች ይደወላሉ። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ በ2004 የመታቸውን የመሬት መንቀጥቀጥ ለማሰብና ለመጽናናት የሚተኮስ ሌላ ረጅም ርችት አለ። ርችት የትም አለ ብለው ለጻፉት ጸሐፊ ናጋኦካን ብቻ እመክራለሁ።

አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል የሚለው ብዙ ቃል አያሻውም። በአኪታ ከኦገስት 3 እስከ 6 ወንዶች 46 ፋኖስ የተሰቀለበትን፣ 12 ሜትር የሚረዝም፣ 50 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የቀርከሃ ምሰሶ በግንባራቸው፣ በትከሻቸው፣ በዳሌያቸው ላይ ያቆማሉ። በአኦሞሪ ከኦገስት 2 እስከ 7 ከወረቀትና ከሽቦ የተሠሩ፣ ከውስጥ የሚበሩ፣ ስፋታቸው 9 ሜትር የሚደርስ ጦረኞችና አጋንንት በመንገድ ይገፋሉ። በፉኩኦካ ሃካታ ሰፈር ጁላይ 15 ሊነጋ ሲል፣ በትክክል 10 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ላይ፣ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ጭነት የተሸከሙ ወንዶች ውኃ እየተረጨባቸው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣሉ። የዚህኛውም ሥር ወረርሽኝ ነው፤ በ1241 አንድ መነኩሴ ሰዎች በተሸከሙት መደብ ላይ ተቀምጠው በከተማው ጸበል እየረጩ አለፉ ይባላል። ጥምቀትን ያየ መስቀልንም አይቷል የሚል ሰው ካለ፣ ከእርሱ ጋር አልከራከርም።

በሙቀቱ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ እንዲያውም አሳንሰው ነው የጻፉት። በጁላይ 2018 ኩማጋያ ላይ 41.1 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ በዚያው ሳምንት በኪዮቶ ልጆች የሚሳተፉበት የጁላይ 24ቱ የአበባ ጃንጥላ ሰልፍ በሙቀቱ ምክንያት ተሰርዟል። ከአዲስ አበባ ደጋ አየር በቀጥታ ለሚመጣ ሰው ደግሞ የሚከብደው ዲግሪው ብቻ ሳይሆን እርጥበቱ ነው፤ ላብ አይደርቅም፣ ሌሊቱ አይበርድም። ሕፃን የያዘ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው የቀኑን ሰልፍ ቢተወው ይሻለዋል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ አትሂዱ ማለት በዓላቱ በአብዛኛው የምሽት መሆናቸውን መርሳት ነው። አገሬው ራሱ ቀትርን ይሸሻል። እኔ የተማርኩት ይህን ነው፦ ጧት ከ1 እስከ 3 ሰዓት መውጣት፣ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ማረፍ፣ ማታ መውጣት፤ አንገት ላይ እርጥብ ፎጣ፣ በቦርሳ ውስጥ ውኃና ጨው ያለው ነገር። ሙቀት የማይችል ሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ አኦሞሪ ይሂድ፤ ወይም ወደ ተራራ። ማደሪያ አልተገኘም ያሉትም በኪዮቶና በአኦሞሪ ከተሞች እውነት ነው፤ ክፍሎቹ ከወራት በፊት ያልቃሉ። ግን ባቡር አለ። አኦሞሪን ለማየት ሃቺኖሄ ወይም ሂሮሳኪ፣ ቶኩሺማን ለማየት ታካማትሱ ማደር ይቻላል።

ጾሙን ጸሐፊው ማንሣታቸው መልካም ነበር፤ ሌላ የጉዞ ጸሐፊ አያስታውሰውም። ኦገስት 7 ፍልሰታ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ታላላቅ በዓላት ሁሉ፣ ኦቦንም አዋ ኦዶሪም፣ በጾሙ ውስጥ ናቸው። የመንገድ ዳር ድንኳኖቹም ለጾመኛ አስቸጋሪ ናቸው፤ የተጠበሰው ፓስታ መሰል ምግብ አሳማ አለበት፣ ክብ ክቡ ዳቦ መሰል ነገር ውስጡ የባሕር እንስሳና እንቁላል ነው፣ አትክልት የሚመስለው ሾርባ እንኳ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ነው። ይህን ሳያውቅ የገደፈ ብዙ ሰው አለ።

የሚቀመስ የለም የሚለው ግን ስሕተት ነው። በየማትሱሪው የተጠበሰ በቆሎ አለ። አዎ፣ በነሐሴ ዝናብ አዲስ አበባ ላይ ከሰል ዳር ቆመን የምንገዛው ዓይነት እሸት፤ እዚያ የሶያ ሶስ ይቀቡታል፣ አንዳንዱ ቅቤ ስለሚጨምር ቀድሞ መጠየቅ ነው። በበረዶ ውኃ የቀዘቀዘና ጨው የያዘ ኪያር በእንጨት ተሰክቶ ይሸጣል። የተፈገፈገ በረዶ በፍራፍሬ ሽሮፕ አለ፤ ወፍራም ጣፋጭ ወተት ይጨመር ሲሉ አይሆንም ማለት ብቻ ነው። የተቀቀለ የሶያ እሸትም አይጠፋም። ከሁሉም የገረመኝ ሃካታ ላይ ነበር፤ የበዓሉ ሯጮች ከጁላይ 1 እስከ 15 ኪያር አይቀምሱም። ኪያሩ ተቆርጦ ሲታይ የመቅደሱን ዓርማ ይመስላል ብለው ነው የሚተዉት። ስለ ፍልሰታ ስነግራቸው ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ የጠየቁኝ ስንት ቀን ነው ብለው ነው።

የውጭ ሰው ድርሻ የለውም የሚለውን ለመጨረሻ ያቆየሁት በጣም ያሳዘነኝ እርሱ ስለሆነ ነው፤ ከሁሉም ደግሞ ከእውነት የራቀው።

ጸሐፊው በቆሙበት በዚያው ኪዮቶ፣ ጁላይ 12 እና 13 ቀን፣ አዲስ የታሰሩት ታላላቅ ሠረገላዎች ለሙከራ ይጎተታሉ። ገመዱን የሚጎትተው መንገድ ላይ የተገኘው ሰው ነው፤ ሕፃን፣ ሴት፣ እንግዳ። እኔ በሦስተኛው ዓመቴ ጎትቻለሁ። አሥራ ሁለት ቶን በሰው እጅ ሲነቃነቅ መጀመሪያ የሚሰማው የእንጨቱ ድምፅ ነው፤ ከዚያ መሬቱ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል። አምስት ቀን ቀድመው ቢደርሱ ኖሮ ያ ገመድ የእርሳቸውም ነበር።

በአኦሞሪ ሃኔቶ የሚባሉት ጨፋሪዎች ቁጥር አይወሰንም። ሙሉ ልብሱን የለበሰ ሁሉ ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት ከቡድን ጋር ተጠግቶ ይገባል፤ ልብሱ በጥቂት ሺህ የን ይከራያል፣ የሚያከራዩት ሰዎችም አልብሰው ይለቁታል። በልብሱ ላይ ትናንሽ ቃጭሎች አሉ፤ ሲዘለል ይወድቃሉ፣ ከመሬት ያነሣቸው ሰው መልካም ዕድል አገኘ ይባላል። በቶኩሺማ ከኦገስት 12 እስከ 15 በሚካሄደው አዋ ኦዶሪ ኒዋካ ሬን የሚባል ቡድን አለ፤ ድንገተኛ ቡድን እንደማለት ነው። ልብስ አይጠይቅም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ምዝገባ የለውም። ልምድ ያላቸው ጨፋሪዎች እጅና እግር እንዴት እንደሚሄድ ለጥቂት ጊዜ ያሳያሉ፣ ከዚያ ከእነርሱ ጋር ወደ አደባባዩ ይገባል። በአኪታም ትርዒቱ ሲያበቃ ተመልካቹ ወርዶ ምሰሶውን እንዲሞክር ይጋብዛሉ።

ዩካታ የሚባለውን ስስ ኪሞኖ መልበስን በተመለከተ፣ ጸሐፊው የውጭ ሰው ቢለብሰው እንደ ማላገጥ ይቆጠራል ይላሉ። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለኝ አንድ ሰው አልገጠመኝም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የግራው ክንፍ ከላይ፣ የቀኙ ከሥር። በተቃራኒው የሚታጠፈው ለአስከሬን ነው። ተሳስቼ ወጥቼ አንዲት ባለሱቅ ሮጠው ወጥተው መንገድ ላይ አስተካክለውልኛል፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ሳይሆን እናት ልጇን ስታለብስ ያለው ዓይነት ጥድፊያ ነበር።

እኔ ግን ጸሐፊውን ልወስድበት የምሻው ጉጆ ሃቺማን ነው፤ ከናጎያ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወንዝ መሐሏን የሚያቋርጣት የተራራ ከተማ። እዚያ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ሠላሳ ያህል ሌሊት ይጨፈራል። ከኦገስት 13 እስከ 16 ባሉት አራት ሌሊቶች ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ነው። ጭፈራዎቹ 10 ናቸው። በ2022 ዩኔስኮ ከሌሎች የጃፓን ባህላዊ ጭፈራዎች ጋር በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቧቸዋል፤ ከተማዋ ግን ያንን የሚለጥፍ ሰሌዳ ፍለጋ አትሄድም። መሐል ላይ ዘፋኞቹና ሙዚቀኞቹ የተቀመጡባት የእንጨት ቤት አለች፤ ሕዝቡ በዙሪያዋ ይዞራል። ገመድ የለም፣ ወንበር የለም፣ ተመልካች ለመሆን የሚያስችል ቦታ እንኳ አይገኝም፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የቆመ ሰው የሚዞረውን ያግዳል። ድሮ በመሳፍንቱ ዘመን በእነዚህ የኦቦን ሌሊቶች ጌታና አሽከር፣ ባለርስትና ገበሬ ሳይለዩ አብረው ይጨፍሩ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ያንን ማዕረግ የሚተካው እንግዳና ባለአገር ነው፤ በክቡ ውስጥ እርሱም ይጠፋል።

መጀመሪያ የገባሁ ጊዜ ካዋሳኪ የሚባለው ጭፈራ ላይ ነበር። እጄን የምሰድበትን አላወቅሁም። ከፊቴ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ የማያንስ ሴት ዞረው አዩኝና አንድ ቃል ሳይናገሩ የእጄን አንጓ ይዘው ወደ ላይ አነሡት፤ ጨረቃን እንደሚያሳይ ሰው። ከዚያ ለቀቁኝና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሌሊቱን ሙሉ የእርሳቸውን ትከሻ እያየሁ ዞርኩ። እኩለ ሌሊት ላይ እግሬ ያለ እኔ ይሄድ ጀመር። ከሺህ በላይ የእንጨት ጫማ በአንድ ጊዜ ድንጋዩን ሲመታ ሙዚቃው የሚሰማው ከላይ ከቤቲቱ ይሁን ከታች ከመንገዱ አይለይም። ወንዙም ከድልድዩ ሥር ይጮኻል።

ሊነጋ ሲል ማትሱሳካ ተጀመረ፤ የመጨረሻው ጭፈራ ሁልጊዜ እርሱ ነው። ከበሮው፣ ዋሽንቱ፣ ባለ ሦስት ክሩ ሻሚሰን ሁሉም ዝም ይላሉ፤ የሚቀረው የሰው ድምፅና ሁለት የሚጋጩ እንጨቶች ናቸው። ሰማዩ በተራሮቹ ጫፍ ላይ ነጣ። ሴትዮዋ እየዞሩ አንገታቸውን ወደ ኋላ መልሰው እጄን አዩ፣ አንዴ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ፊት ቀጠሉ።